ኢንኩቤተሩን ዝጉት

ብረቱ ክንዷ ላይ ሲያርፍ ደረቅ እንጨት የተሰበረ መሰለኝ። እኔ በሩ ላይ ደርሼ ነበር። ልጅቱ አልወደቀችም። የተሰበረውን ክንዷን በደህናው እጇ ደግፋ፣ ፊቷ አመድ መስሎ፣ «ኢንኩቤተሩን ዝጉት!» ብላ ጮኸች።

ክንዴን አላለችም። እናቷንም አልጠራችም።

ይህ የሆነው ጉለሌ፣ ስሙን በማልጠራው ሆስፒታል፣ የካንሰር ምርምር በምንሠራበት አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ኢንኩቤተር የምንለው ፍሪጅ የሚመስል፣ ግን እንደ ሰው ገላ የሚሞቅ ሳጥን ነው። ከታማሚ የተወሰደ ዕጢ በብልቃጥ ሆኖ እዚያ ውስጥ ይቀመጣል፤ ዕድል ከቀናው ያድጋል። በዚያን ቀን በውስጡ የነበረው ከአንዲት ሴት ጡት የተወሰደ ነበር። ሴትዮዋ ሞታለች። ብረቱን የያዘው ወንድሟ ነው።

እኔ ሐኪም ነኝ፤ የሁለት ልጆችም እናት። ከታማሚው አልጋ ጥያቄ ይዤ ላቦራቶሪ እገባለሁ። መልስ ካገኘሁ ወደ አልጋው እመለሳለሁ። ብዙ ጊዜ መልስ አይገኝም። ከዚህ ጎን ለጎን ወጣት ተመራማሪዎችን አሳድጋለሁ። ማሳደግ የምለው የተሻለ ቃል ስላላገኘሁለት ነው።

እኔን ያሳደጉኝ ፕሮፌሰር በቁጣ ነበር ያሳደጉኝ። ሻጋታ የወጣበት የላቦራቶሪ ሳህን ካዩ ግድግዳው ላይ ይወረውሩታል። አንድ ጊዜ ማስመሪያ ጣቶቼ ላይ ሰብረዋል። «እጅሽ ካልተማረ ጭንቅላትሽ አይማርም» ይሉኝ ነበር። እጄ ተማረ። ነፍሳቸውን ይማር፤ ያለ እሳቸው እዚህ አልደርስም ነበር። አብረውኝ የገቡት ግን አንድ በአንድ ወጡ። ከፊሎቹ መድኃኒት አስመጪ ዘንድ ተቀጠሩ። አንዱ ጨርሶ ሕክምናን ተወ፤ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ዛሬም ጣቶቼን ያያል። እኔ የቀረሁት በርትቼ አይደለም። ጠዋት ጠዋት ቁስቋም ማርያምን ተሳልሜ እገባ ነበርና፣ እሷ ናት ያቆየችኝ።

ተራው የእኔ ሲሆን አንድ ሕግ አወጣሁ። ተመራማሪው በብልቃጥ የያዘውን ዕጢ ባለቤት ማወቅ አለበት። አልጋዋ አጠገብ ይቀመጣል፣ ስሟን ያውቃል፣ ስትሞት ለቅሶ ይደርሳል። በሌላው ክፍል ያሉ ባልደረቦቻችን በዚህ ይስቁብናል። ነጠላችንን አዘቅዝቀን ስንወጣ ካዩ፣ «ዕድርተኞቹ ወጡ! ድንኳኑንስ ማን ተሸከመ?» ይላሉ።

ልጅቱ የመጣችው በእናቷ እጅ ተይዛ ነው። ሁለት ዲግሪ ያላት ሴት ናት፤ እናቷ ግን ብቻዋን ሊልኳት አላመኑም። ሽሮ ሜዳ የሀገር ልብስ ይሸጣሉ። በዚያን ቀን ሱቃቸውን ዘግተው፣ ልጃቸውን ቢሮዬ አስገብተው፣ እንዲህ አሉኝ፦

«ለየኔታ እንደሚሰጥ ልጅ ነው የሰጠሁዎ፣ ዶክተር። ይግረፏት። ዓይኗን ብቻ ይጠንቀቁልኝ።»

«እማዬ!» አለች ልጅቱ፣ አንገቷን ደፍታ።

«ምን እማዬ? እኔ ራሴ ዓይኗን ብቻ ነበር የማልነካት።»

ሳቅን። እናቲቱ አልሳቁም።

እጇ ቀልጣፋ ነበር፤ ሥራው ግን እሺ አላላትም። መብራት ሲሄድ ሴሎቹ ይሞቱባታል። ሻጋታ ይገባባቸዋል። ወይም ያለ ምንም ምክንያት ከብልቃጡ ግርጌ ለቀው ይንሳፈፋሉ፤ ያ መሞታቸው ነው። የመመረቂያ ሥራዋ በአንድ ነገር ላይ የቆመ ነበር፦ ከእኛ ታማሚ የተወሰደ ዕጢ በሕይወት አቆይቶ፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ማየት። የሚሞት ነገር ይዛ ምን ልትጽፍ?

ከዚያ ያቺ ሴት መጣች።

ዊንጌት ታክሲ ተራው ጋ አትክልት ትሸጥ ነበር። ወንድሟ ከጎኗ ጎሚስታ ነው። እኛ ዘንድ የደረሰችው ዘግይታ ነው። በሽታው ጡቷን ከውስጥ በልቶ ቆዳዋን ቀዶ ወጥቷል። ፋሻው ሲፈታ ነርሶቹ ፊታቸውን ያዞራሉ። ልጅቱ አላዞረችም። በየቀኑ እየሄደች ትቀመጣለች፣ ስለ ቲማቲም ዋጋ ያወራሉ። ከቀዶ ጥገናው በፊት ከዕጢው ቁራጭ ለምርምር ብናስቀር ትፈቅድ እንደሆነ ጠየቀቻት። እኔም ነበርኩ።

ሴትዮዋ ወደ ደረቷ አየች። «ይሄንን ነው የምትጠይቁኝ?» አለች። «ውሰዱት። ወስዳችሁ ቀጥቅጡልኝ።»

ቀዶ ጥገናው ተሠራ። በእኛ ዘንድ ብዙ ቤተሰብ ከገላ የተቆረጠውን መቅበር ይፈልጋል። በትንሣኤ ቀን ሰው ሙሉ ሆኖ ይነሣልና፣ ሥጋው ቆሻሻ ውስጥ እንዲወድቅ አይወዱም። የሚጠይቅ ካለ ከምርመራው የተረፈውን እንሰጣለን። ወንድሟ ተቀበለ። በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ሕፃን እንደታቀፈ ሰው በሁለት እጁ ይዞት ሲወጣ አይቼዋለሁ። አጥቢያቸው ግቢ ውስጥ ቀበረው። ቁራጩ እኛ ጋ እንደቀረ እሷ ለእሱ አልነገረችውም። እኛም ለቤተሰቧ መናገሩ የእሷ ነው ብለን አለፍነው።

ቁራጩ በብልቃጥ ውስጥ አደገ። መጀመሪያ ጥቂት ሴሎች ከግርጌው ተጣበቁ፤ ቀጥሎ ዙሪያቸውን ሞሉት። ልጅቱ በማይክሮስኮፕ አይታ እልል ስትል ከኮሪደሩ ማዶ ያሉት ሰው የታጨ መስሏቸው መጡ።

ሴትዮዋ ግን ሞተች። በሽታው ወደ ሳንባዋ ሄዶ ነበር።

ለቅሶ ሄድን። ድንኳኑ በሰው ተሞልቷል። ወንድሟ መሐል ላይ ቆሞ ደረቱን ይመታል። እጁ የብረት ሠራተኛ እጅ ነው፤ በመታ ቁጥር ድምፁ ድንኳኑ ጫፍ ድረስ ይሰማል። ሰዎች እጁን ሊይዙ ይሞክራሉ፣ ይጥላቸዋል። ልጅቱ አጠገቤ ታለቅሳለች። ከዚያ ተነሣችና ወደ እሱ ሄደች። ክንዱን ይዛ፣ ልታጽናናው ብላ፣ እንዲህ አለችው፦

«አይዞህ ወንድሜ። ጨርሳ አልሞተችም። ሴሎቿ እኛ ጋ በሕይወት አሉ። በየቀኑ እናበላቸዋለን፤ እያደጉ ነው።»

ይህን ሌላ ማንም ለቅሶ ቤት ሄዶ አይናገረውም። ለእሷ ከዚህ የሚበልጥ የምሥራች አልነበረም። ቀን ከሌት የደከመችበት ነው።

ደረት መምታቱ ቆመ።

«ምን አልሽ?» አላት።

«ሴሎቿ…»

«ቀብሬያት እኮ ነው የመጣሁት። ምኗ ነው የሚበላው?»

ነጠላዋን ስቤ አወጣኋት። ከኋላችን አንዲት አሮጊት «ወይ ጉድ! ነፍሷ አላረፈችም ማለት ነው» ሲሉ ሰማሁ።

በማግስቱ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ገብቼ ነጠላዬን ስሰቅል ከኮሪደሩ ጩኸት ሰማሁ።

«እህቴን አምጡ!»

ሮጬ ስደርስ ላቦራቶሪው ውስጥ ገብቷል። በሥራ ልብሱ ነው፤ እጁ እስከ ክርኑ ጠቁሯል። የጎማ መፈልቀቂያውን ብረት ጨብጧል። ልጅቱ ብቻዋን ኢንኩቤተሩን በጀርባዋ ተደግፋ ቆማለች።

«ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ረጋ በል።»

«ወንድሜ አትበይኝ! የት ነው ያስቀመጥሻት?»

«እሷ አይደለችም። ማለቴ… ትናንት ስናገር…»

«ትናንት ናት፣ ዛሬ አይደለችም? ክፈቺው!»

«እባክህ፣ ከተከፈተ ይበላሻል።»

«ሥጋዋን ስጪኝ ነው የምልሽ። ዛሬውኑ እቀብራታለሁ።»

«አልሰጥህም» አለች።

ብረቱን አነሣ። የሰነዘረው ለሳጥኑ በር እንደነበር ዛሬም አምናለሁ። እሷ ግን ክንዷን አስገባች።

«ኢንኩቤተሩን ዝጉት!» ያለችው ያኔ ነው። በሩ በምቱ ተጣሞ ተከፍቶ ነበር። እሱ በትከሻው ገፍትሯት መደርደሪያውን ጎተተ። ብልቃጦቹ ወለሉ ላይ ወረዱ። ሁሉም የእህቱ እንደሆኑ አላወቀም፤ ሲዞር በጫማው ረገጣቸው። የምንመግባቸው ፈሳሽ ቀለሙ ሮዝ ነው። ከተጨፈለቁት ብልቃጦች ወጥቶ በነጩ ወለል ላይ ወደ እግሩ ፈሰሰ።

አየው። ብረቱ ከእጁ ወደቀ።

«ደሟ ነው» አለ። «ደሟ! ደሟን አፈሰስኩት!»

በጉልበቱ ወርዶ በመዳፉ ይሰበስበው ጀመር። በመዳፉ አልያዝ ሲለው ሸሚዙን አውልቆ ነከረው። የእጁ ግራሶ ከሮዙ ጋር ተቀላቅሎ ወለሉ ጠቆረ።

ጥበቃዎቹ የደረሱት ያኔ ነው። ከጥበቃዎቹ ጋር ከዋርድ የመጡ አስታማሚዎች አሉ። ልጅቱን አዩ፣ ብረቱን አዩ፣ ሌላ አልጠየቁም። በእግራቸው ጀመሩ። ጭንቅላቱን፣ ጎኑን፣ ፊቱን። እሱ አልተከላከለም፤ ሸሚዙን ደረቱ ላይ አቅፎ ተኝቷል። አንዱ የገዛ ብረቱን አንሥቶ ጀርባውን ሲለው አጥንቱ ሲጮህ ሰማሁ። ልጅቱ ከጥግ «ተዉት!» ትላለች፤ ማን ይሰማታል።

መሐላቸው ገባሁ። «በማርያም! በማርያም ይዣችኋለሁ!» አልኩ። አንድ ጫማ ጭኔ ላይ አረፈ። ከዚያ አቆሙ። እመቤቴን አመሰግናለሁ፤ ለማቆም ቢዘገዩ ኖሮ ያ ሰው ከወለሉ አይነሣም ነበር።

እሱን ፖሊስ ወሰደው። እሷን ድንገተኛ ክፍል ይዤ ወረድኩ። ክንዷ ከክርኗ በታች ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ሐኪሙ አጥንቱን ሲያቀና ጣቶቼን ይዛ ነበር፤ ፕሮፌሰሩ ማስመሪያ የሰበሩባቸውን ጣቶች። እሷ ከማስመሪያው ባሰች።

ጀሶው ሳይደርቅ እናቷ ደረሱ። ከሽሮ ሜዳ በሩጫ ነው የመጡት፤ መለኪያው ሜትር አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ልጃቸውን አዩ። ወደ እኔ ዞሩ። በጥፊ መቱኝ። ሙሉ እጃቸውን ነው። መነጽሬ አልጋው ሥር ገባ።

«ዓይኗን ብቻ ብዬሽ ነበር» አሉ። ከዚያ በፊት አንቺ ብለውኝ አያውቁም። «ዓይኗን ብቻ ማለት ክንዷን ስበሪው ማለት ነው? ሁለት እጅ ያላት ልጅ ሰጥቼሽ!»

«እውነትዎን ነው» አልኩ።

«እውነቴን ምን ያደርግልኛል! ልጄን መልሺልኝ።»

«እማዬ፣ እሷ አይደለችም እኮ የመታችኝ…»

«አንቺ ዝም በይ! ሰው ሲሞት ይለቀሳል እንጂ ሳይንስ ይወራል እንዴ?» ወደ እኔ ተመለሱ። «የላክሻት አንቺ ነሽ። ለቅሶ ከዚህ ሥራ ጋር ምን አገናኘው? ሐኪም ስትሆኚ ለቅሶ ቤት ትሄጃለሽ? ዳኛ የፈረደበትን ሰው ለቅሶ ይደርሳል?»

ይዘዋት ሄዱ።

የክፍላችን ኃላፊም ከዚያ የተሻለ ቃል አልነበረውም። «ዕድሩ ይፍረስ» አለኝ። «ከእንግዲህ ናሙና ትወስዳላችሁ፣ ትሠራላችሁ፣ በቃ። ሰዎቹን ባታውቋቸው ኖሮ ባልመጣባችሁ።» ወደ ላቦራቶሪው ተመልሼ ወለሉን ራሴ አጠብኩ።

ስጨርስ የኢንኩቤተሩን የታችኛውን መደርደሪያ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከኋላ፣ ጥግ ላይ፣ አንድ ብልቃጥ ቀርቷል። በማይክሮስኮፕ አየሁት። ተጣብቀዋል። በሕይወት አሉ። አማተብኩ።

መመገብ አለባቸው። እኔ ፈሳሹ የሚንጠባጠብበትን ፒፔት ከያዝኩ ዓመታት አልፈዋል። በዚያ ሳምንት ስልኬ ይጠራል፤ ልጅቱ ናት፣ በሹክሹክታ፣ እናቷ እንዳይሰሟት።

«ዶክተር፣ ሰጧቸው?»

«ሰጥቻቸዋለሁ።»

«ፈሳሹን አሞቁት?»

«አሞቅኩት ልጄ።»

«ብዙ አሞቁት እንዴ?»

እንዲህ ሲሆን ቆየ። ከዚያ አንድ ቀን በጀሶዋ መጣች። እናቷን የሐኪም ቀጠሮ አለኝ ብላቸዋለች። ከኋላዬ ቆማ እጄን ታያለች። «ቀስ ይበሉ!» ትለኛለች። «ወደ ግርጌው አይደለም፣ ወደ ጎን! ወደ ጎን ያፍስሱ! ይገድሏቸዋል እኮ!» ፕሮፌሰሬ መቃብር ውስጥ ሆነው የሳቁ መሰለኝ። እንዳለችኝ አደረግኩ። እሷ ትናገራለች፣ እኔ እሠራለሁ፤ ሥራው ቀጠለ።

ግን ሌላ ነገር አየሁ። በኮሪደሩ በር ሲላተም ከጠረጴዛው ሥር ትገባለች። የወንድ ድምፅ ከሰማች ጀሶዋን ሆዷ ላይ ትለጥፋለች። አንድ ቀን እጄን ስታጠብ ፊቷን ወደ እኔ ሳታዞር፣ «ክንዴ ሲድን እወጣለሁ» አለችኝ። «መድኃኒት አስመጪዎቹ ጋ ቦታ አግኝቻለሁ። እማዬ አናግራልኝ ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

አፌ ላይ ብዙ ነገር መጣ። ከእንግዲህ ማን ይሠራል? ይህን ሁሉ ለምን ቻልን? እኔም እኮ ተሰብሬያለሁ፣ አልወጣሁም። ከእኔ በፊት የወጡትን ሁሉ በእሷ ፊት አየኋቸው። በልቤ አቡነ ዘበሰማያትን ደገምኩ። ሌላ የምሰጣት አልነበረኝም።

ሽማግሌ የተላከው ከዚያ ወዲህ ነው። የሟች ወንድም በዋስ ወጥቷል፤ ፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ሰጥቷል። እርቅ ፈለገ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እኔ ቤት ይሁን ተባለ፤ ለሁለቱም ወገን መሐል ስለሆነ። የሟች አጥቢያ ቄስ መጡ። ከእሳቸው ጋር ዊንጌት ሱቅ ያላቸው ሐጂ መጡ፤ ሟችንም ወንድሟንም ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቋቸዋል። ልጅቱና እናቷ አንድ ሶፋ ላይ ተቀመጡ። እናቲቱ ከእኔ ጋር አይነጋገሩም።

የሟች ወንድም የገባው ድንጋይ ተሸክሞ ነው። በማጅራቱ ላይ፣ በሁለት እጁ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ። ወፍጮ የሚያክል ድንጋይ ነው። ከንፈሩ አሁንም አልዳነም። አንድ የፊት ጥርሱ የለም። ደፉ ላይ ቆመ።

«ጥፋቱን ይዞ መጥቷል» አሉ ቄሱ። «በእግዚአብሔር ስም ልጄ፣ አውርጂለት።»

ልጅቱ አልተነሣችም።

«ይሸከም!» አሉ እናቷ። «የኔ ልጅ አጥንት ከድንጋይ ይቀላል?»

«እውነት ነው» አሉ ሐጂው። «ይሸከም። ዛሬ ሥራ የለብንም። የሚከብደው እሱን ነው፣ እኛ ተቀምጠናል።»

ቄሱ ገላመጧቸው። ሐጂው ጢማቸውን ዳበሱ።

ልጅቱ ያኔ ተናገረች። ድምፅዋ በመጀመሪያ አይሰማም ነበር።

«ለቅሶ ቤት የነገርኩህ ትክክል አልነበረም። እህትህ ሞታለች። ሙሉዋን ነው የቀበርካት፤ ምንም አላጎደልክባትም። እኔ ጋ ያለው እሷ አይደለችም።»

«ታዲያ ምንድነው?» አለ፣ ወለሉን እያየ።

«የገደላት ነው።»

ድንጋዩ ማጅራቱ ላይ ተነቃነቀ። ቀና ሊል ሞከረ፣ አቃተው።

«ገዳይዋ ነው» አለችው። «ደሟን ልትመልስ ፈልገህ ከሆነ ባለ ደሙ እሱ ነው። ከገላዋ አውጥተን አሰርነው። አንተ መጥተህ እስር ቤቱን ሰበርክ። የእኔንም ክንድ።»

«ገዳዩ ከሆነ» አለ ሰውዬው፣ «ለምን ታበሉታላችሁ?»

«ወላሂ ጥሩ ጥያቄ ነው» አሉ ሐጂው።

«ካላበላሁት ዝም ብሎ ይሞታል። በረሃብ መሞቱ ምንም አያስተምረኝም። ምን እንደሚገድለው ማወቅ ነው የምፈልገው። መድኃኒት አፈስበታለሁ። አንዱን ይንቀዋል። አንዱ ያቆስለዋል። የሚጨርሰውን እስካገኝ ድረስ አላቆምም። እህትህ የተኛችበት አልጋ ላይ ዛሬ ሌላ ሴት ተኝታለች። ሳገኘው ለእሷ ነው የማደርስላት።»

አላቆምም አለች። እናቷ ቀና ብለው አዩዋት። እኔም አየኋት። ያለችውን እሷም የሰማችው ያኔ ነው መሰለኝ፤ ፊቷ ቀላ።

«እህቴስ ታውቅ ነበር?» አላት።

«ጠይቄያታለሁ። ዶክተርም ነበሩ።»

«ምን አለች?»

«‹ወስዳችሁ ቀጥቅጡልኝ› አለች።»

ከጎሚስታው አፍ የወጣው ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልለየሁትም።

«እሷ ናት» አሉ ሐጂው፣ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ። «ቲማቲም የሰረቃትን ሁሉ ‹ቀጥቅጡልኝ› ነበር የምትለው። እኛ አንድም ቀን አልቀጠቀጥንላትም።»

«እሷ ናት» አለ ወንድሟም። «እንዲህ የምትል እሷ ብቻ ናት።»

ልጅቱ ተነሣች። ወደ እሱ ስትሄድ ጀሶዋን ሆዷ ላይ ለጥፋ ነበር፤ አጠገቡ ስትደርስ ግን ለቀቀችው። ደህናውን እጇን ድንጋዩ ላይ አደረገች። ሳበች። ድንጋዩ በአንድ እጅ የሚወርድ አልነበረም። እሱም ማገዝ አይችልም፤ የበደለ ሰው ድንጋዩን ራሱ አያወርድም።

«እማዬ» አለች፣ «አግዢኝ።»

እናቷ አልተንቀሳቀሱም። «ካወረድንለት በኋላስ?» አሉ። «ወዴት ነው የምትሄጂው?»

«ወደ ሥራዬ።»

«ወደዚያው ክፍል?»

«ወደዚያው።»

«በር ሲላተም ጠረጴዛ ሥር የምትገቢበት?»

እናቷ ያውቁባት እንደነበር አላወቀችም። «እገባለሁ፣ እወጣለሁ» አለች። «አግዢኝ እማዬ፣ ሰውዬው ሊወድቅ ነው።»

እናቲቱ ተነሡ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። በሁለት እጃቸው ያዙት፤ ልጃቸው በአንድ እጇ። ድንጋዩ ከማጅራቱ ሲለቅ ከበዳቸውና ደፉ ላይ ወደቀ። ሴራሚኩ ተሰነጠቀ። ሰውዬው በግንባሩ ልጅቱ እግር ሥር ተደፋ፤ ቄሱ ክንዱን ይዘው አነሡት።

እናቲቱ አቧራውን ከእጃቸው አራገፉ። ወደ እኔ መጡ። ድጋሚ የሚመቱኝ መሰለኝ፤ መነጽሬን አወለቅኩ።

«ዶክተር» አሉኝ። እርስዎ ተመልሶ መጣ። «ዓይኗንም ክንዷንም ይጠንቀቁልኝ።»

«እግዚአብሔር ይጠብቃት» አልኩ።

«እሱንማ ለምኜዋለሁ። አሁን የማወራው ከእርስዎ ጋር ነው።»

ሴራሚኩን አላስቀየርኩትም።

ለቅሶ ዛሬም እንሄዳለን። ኃላፊው አልወደደውም፤ ልጅቱ ግን የታማሚው ቤተሰብ ምን እንደምንወስድ ቀድሞ ማወቅ አለበት ብላ ተከራከረች፣ አሸነፈች። አሁን ናሙና ከመወሰዱ በፊት ወንድምም፣ ባልም፣ እናትም ይጠራሉ። እሷ ናት የምታስረዳቸው። ለቅሶ ቤት ገብታ የምትለው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ»።

ክንዷ ድኖ ጀሶው ከተፈታ በኋላ ጎሚስታው አንድ ጠዋት ላቦራቶሪው በር ላይ ቆመ። ያንኑ ብረት ይዟል። ልጅቱ ደነገጠች፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ጠረጴዛው ሥር ግን አልገባችም።

«በሩን ላቃናው ነው» አለ። የኢንኩቤተሩ በር ከዚያ ቀን ጀምሮ በፕላስተር ነበር የሚዘጋው። ማጠፊያውን በዚያው ባጣመመው ብረት ቀስ እያለ አቃናው። ሲጨርስ እጁን ታጥቦ ቆመ፤ አልሄደም።

«ልየው?» አላት።

ልጅቱ ብልቃጡን አውጥታ ማይክሮስኮፑ ሥር አደረገችለት። ጎንበስ ብሎ በአንድ ዓይኑ አየ። ብዙ ቆየ።

«ይሄ ነው?»

«እሱ ነው።»

«ይሄ ነው እንዲያ አድርጎ ያሰቃያት? ትንሽ ነው እኮ!»

«ትንሽ ነው» አለችው።

ጉንጩ ሲሞላ አየሁት። ምን ሊያደርግ እንደሆነ ገብቶኛል፤ ለእሷም ገብቷታል። ብልቃጡን ተሰብሮ በዳነው ክንዷ ከልላ፣ በኃይል ገፍትራው፣ ጮኸች።

«እዚህ አይተፋም! ወደ ውጭ! ኢንኩቤተሩን ዝጉት!»

ዘጋሁት።